እሾህ የሌለው ዓሣ

ግሪምስቢ፣ ማርች 6 ቀን 1977

ለናፈቅሽኝ ልጄ ለሞሪን፤

የደሴቱ ንፋስ እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እዚህ ጉም ወርዶ ወደቡን ውጦታል፤ መርከቦቹ የት እንደቆሙ በድምፃቸው ካልሆነ አይታወቅም። እኔና ልጅሽ ጊሊያን ደህና ነን። ጎጆሽ እስኪደላደል ለሁለት ወር ብለሽ የተውሽልኝ ልጅ፣ ይኸው ዓመት ሞላት።

ባለፈው በል ልጄን ላክልኝ ስትይኝ፣ በዳቦ ፍርፋሪ ከተለበጠው የበረዶ ዓሣ በቀር ሌላ ነገር በአፏ አይዞርም ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺ ጋ ፍሪዘር የለ፣ ጀልባው የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፤ ምን ልትበላ ነው አልኩሽ።

መውደዷስ እውነት ነው። ጣት ጣት የሚያካክሉትን ከካርቶኑ አውጥታ ትደረድርና፣ “አያቴ፣ ቀስ በል፤ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል” ትለኛለች። ፍርፋሪው ወርቅማ ሲሆን መስኮቱ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ እኔም ወንበሬ ላይ እንዳለሁ በሐሳብ ድሮ ዓሣ ወደማጠምድበት ወደ አይስላንድ ባሕር እደርሳለሁ። በረዶው በመርከቡ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እናትሽ ቤት ትጠብቀኛለች፣ አንቺ ጊሊያንን ታክያለሽ። ሳህኑ ሲንኳኳ እነቃለሁ። እሾህ የለው፣ ዓይን የለው፤ ልጅ ቢወደው አይፈረድበትም። ለእኔ ግን ግማሹ ዳቦ ነው፤ ጨውም ይበዛዋል።

የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራው ጎረቤታችን ኤድና ሐሙስ ዕለት ሱቅ አገኘችኝ።

“አንተ ዋልተር፣ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖረህ ከካርቶን ማጥመድ ጀመርክ?”

“ምን ላድርግ፣ ልጅቷ ሌላ አትበላም።”

“ሌላ መቼ አቀረብክላትና?”

ሞሪን፣ የደበቅሁሽ ይህንን ነው። አንድም ቀን አቅርቤላት አላውቅም። ከበላች ትሄድብኛለች ብዬ ፈራሁ።

እሑድ አንድ ሙሉ ዓሣ ከነራሱ ገዝቼ ቀቀልኩ። እናትሽ አንቺን እንዳስተማረችሽ ጣቷን ይዤ፣ “ዓይንሽን አትመኚ፣ በእጅሽ ዳስሺው” አልኳት። እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ በሳህኑ ጠርዝ ደረደረችው። አሥራ አንድ ነበር። ከዚያ በላች፤ ጨረሰችው።

“ይሄኛው እኮ ባሕር ባሕር ይላል። እማዬ ጋ አለ?”

“እዚያማ ከዚህ ሌላ ምን አለ ብለሽ።”

ትንሽ አሰበችና፣ “እንግዲያው መሄድ እችላለሁ ማለት ነው?” አለችኝ።

እዚያ የምትበላው የለም ማለቴን ሰምታ፣ ለካ ስትጠብቅ ኖራለች። ትችያለሽ አልኳት። ከፋሲካ በፊት ባለው ጀልባ ትመጣለችና ወደቡ ላይ ቆመሽ ጠብቂያት። እሾሁን መልቀም ታውቃለች፤ ቢሆንም አጠገቧ ሁኚ።

ባሕሩ ለእሷ ይለዝብላት፤ ቤታችሁን ሙቀት አይለየው።

አባትሽ ዋልተር

ካርቶኑ ውስጥ አራት ቀርተዋል። ጊሊያን ለአንተ ይሁኑ ብላኛለች፤ እሷ ከሄደች በኋላ ቀስ ብዬ እንድቀሰቅሳቸው።