ጠመኔው የእኔ፣ ጠረጴዛው የእርሷ

ለተከበሩ የአደባባዩ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስኮት መስተዋት ያብረቅርቅ፤ ወንበርዎም ይመችዎ። እኔ ከአደባባዩ ጥግ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን ያለሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሹመትዎ በኋላ የሱሪዎን ወገብ ያሰፋሁልዎ ሴትዮ ብል ሳያስታውሱኝ አይቀሩም።

ከሁሉ አስቀድሜ «በአደባባዩ ሁሉ ነፃ ዋይፋይ» የሚለውን ያንን የሚያህል ሰሌዳ ስለሰቀሉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ዋይፋዩ ባይደርሰንም ጥላው ደርሶናል።

ታዲያ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ሰሌዳውን አምና ጠረጴዛና ወንበሯን ተሸክማ መጣች። ሥራዋ ትርኢት ነው ተባለ፤ እኔ ደግሞ ትርኢት ሲሉኝ ዘፈንና ጭፈራ ጠብቄ ነበር። እሷ እቴ! በየቀኑ በሌላ አቅጣጫ ትመጣለች፤ ኢንተርኔቱ እስኪይዝላት ጠረጴዛዋን እየገፋች ትሄዳለች፤ በያዘበት ቦታ መሬቱ ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጋ፣ ላፕቶፗን ከፍታ፣ እንደ ማንኛውም የቢሮ ሰው ሥራዋን ትሠራለች። አለቀ፣ ትርኢቱ ይኸው ነው። አንዱ ደላላ «እህቴ፣ ቤት እየቀየርሽ ነው እንዴ?» ቢላት «ኧረ ቢሮ እየፈለግሁ ነው» ብላው አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ውሎ አድሮ ተማሪውም ሥራ ፈላጊውም በርጩማውን ይዞ ይከተላት ጀመር። እኔማ ደስታዬ ወሰን አጥቶ የስፌት መኪናዬን ወደ በሩ አዞርኩት።

አሁን አቤቱታዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1. የመጀመሪያው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ነጥቦቹን ባየሁ ቁጥር ያልተዘመዘመ ቀሚስ እየመሰሉኝ እጄን ይበላኝ ነበር። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ የልብስ ጠመኔዬን አውጥቼ ጎንበስ አልኩና ነጥቡን ከነጥቡ ገጠምኩት። «እትዬ፣ ይተዉት፣ በነጥቡ ይበቃል» ብላኝ ነበር፤ ማን ሰምቶ! ጨርሼ ቀና ስል ዋይፋዩ የሚደርስበት መስመር የከበበው የእርስዎን ጽሕፈት ቤት ደረጃና የመኪናዎን ማቆሚያ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ነጥብ ሳለ ማንም ልብ አላለውም፤ መስመር ሲሆን ግን ፊደል ያልቆጠረውም አነበበው።

2. ስለ ጥበቃዎችዎ ቅልጥፍና ምስጋናዬ የላቀ ነው። የዘመመው የመብራት ምሰሶ ዛሬም እንደዘመመ ቢሆንም፣ ለጠመኔው ግን ብናኙ ከእጄ ሳይራገፍ ደረሱ። «ይህን ያሰመረው ማነው?» አሉ። ጠመኔው በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ በለፍላፊነቴ የሚያውቀኝ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ኪሴን በእጄ ሸፍኜ ቆምኩ። ሠዓሊዋ አየት አደረገችኝና «እኔ ነኝ» አለች። ያለ ፈቃድ በአደባባይ ሠርተሻል ብለው ጠረጴዛዋንም ላፕቶፗንም ወሰዱባት፤ ሰኞ ደግሞ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ከአደባባዩ ልትታገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ብሎኛል፤ በእሷ ቦታ ሳልፍ እንደ ሌባ ኪሴን እዳብሳለሁ።

3. ሦስተኛ የለኝም፤ ሁለተኛው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ዕቃዋን እንዲመልሱላትና ሰኞ በእሷ ቦታ እኔን እንዲያቆሙኝ ነው። ማስረጃ ካሻዎት ወርደው መስመሩን ይመልከቱት፤ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ አድርጎ የሚያሰምር ዕድሜውን ሁሉ ጨርቅ ላይ ያጎነበሰ እጅ ነው።

ስለ ሰሌዳው ጥላ፣ እንዲሁም ሠራተኛን ከሥራ ለመጠበቅ ስለሚደክሙት ድካም ውለታዎን የማልረሳ፣ መቀሴን አስቀምጬ እጅ የምነሳዎ፣
የሱሪዎ ልብስ ሰፊ

ይህን ሳልጨምር ብቀር ይቆጨኛል፦ ትናንት በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ፣ እኔ ካሰመርኩት መስመር ውስጥ ቆመው፣ ስልክዎ ላይ ቪዲዮ እያዩ ሲስቁ አይቼዎታለሁ። እኔም በዚያው ክስ እከሰስ ይሆን ብለው አይስጉ፤ በአደባባይ ሥራ ሲሠሩ አይቼዎ እንደማላውቅ ሰኞ ቀርቤ እመሰክርልዎታለሁ።