ጨፋ ላይ ፀሐይ ያቆመው ፓምፕ

ይርዳው ወንድሜ፣

ዛሬ ጨፋ ላይ በጠራራ ፀሐይ የእትዬ ፋጡሜ የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ ቀጥ አለ። «ያ ረቢ! ፀሐዩ እንዲህ እየፈጀን ውሃው በምን ተቋረጠ?» አሉኝ። እናንተ ጋ ደብረ ብርሃን እንደምንሠራው ስምንት የፀሐይ ፓኔል ነበር በተከታታይ የቀጠልኩት፤ ፓኔሉ ሲግል ቮልቴጁ ወርዶ ኃይሉን ለፓምፑ የሚቀይረው ኢንቨርተር ጠፋ። ዘጠነኛውን ጨመርኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ለዱዓ መዳፉን ሲዘረጋ፣ የእኔም መዳፍ አብሮ ተዘረጋ። ውሃው እየተንደቀደቀ መጣ!

እልልታው ሳያበቃ ግን አንተ ትዝ አልከኝና ደነገጥኩ። አንተም እዚያ ደብረ ብርሃን ለክሊኒኩ ዘጠኝ ልትቀጥል እንደሆነ ነግረኸኝ ነበር። የእናንተ የጠዋት ውርጭ ቮልቴጁን ሽቅብ ሰቅሎ ኢንቨርተሩን ያቃጥለዋል! ስልክህ ዝግ ስለሆነ ይህን ፖስት ካርድ በሚኒባስ ሹፌር ልኬልሃለሁ።

እናትህን ሳምልኝ። ቦታ አለቀብኝ፤ ስምንት ብቻ!

ደምሰው፣ ከከሚሴ