የሚመድበኝ ሰው የለም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15፣ 1996፣ ጋርላንድ

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የሚመድቡኝ መስሎኝ ነበር። የሁለት ዓመቱን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስጨርስ፣ እንደ አገር ቤት ውጤቴ ታይቶ "አንቺ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ደርሶሻል" የሚሉኝ። እና የኮሌጁን የተማሪ አማካሪ፣ ካውንስለሯን፣ "የት ተመደብኩ?" ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ። "የት እንደምታመለክቺ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። ምን ተምረሽ ማወቅ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ። ነገ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ።

አባዬ በታክሲው ሊወስደኝ ሲመጣ ነገርኩት። ሳቁን ለቀቀው። "እኔን እርሻ ኮሌጅ የመደቡኝ በሬ ከላም የማልለይ የፒያሳ ልጅ ሆኜ ነው። ማን ጠየቀኝ?"

"ቢጠይቁህስ ኖሮ?"

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም አልነዳም፤ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፉበት ነው የነቃው።

"ያኔ እንጃ። አሁን ግን እነዚህ የሃይዌይ ድልድዮች፣ ይሄ ሁሉ መኪና እየሄደባቸው እንዴት እንደማይወድቁ ባውቅ ደስ ይለኛል። ሁልጊዜ ስነዳባቸው አስባለሁ።"

ቤት እስክንደርስ አንገቱን እያሰገገ ምሰሶዎቹን ሲያሳየኝ መጣ።

የኔን መልስ አሁንም አላገኘሁትም። ነገ ግን ካውንስለሯ ጋ ተመልሼ መጀመሪያ የምጠይቃት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ነው።