ከባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ተቆረጡት ገጾች

ለተከበሩ አቶ ታዴዎስ፣
በናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር ላለው የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ባለቤትና ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና አዲሱ መኪናዎ እንደምን አሉ? እኔ ዑቅባማርያም፣ የመጨረሻው ክፍል፣ የፎርም ፎር ተማሪዋ የሚዛን አባት፣ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

፩. ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምረውን ምዕራፍ ከየመጽሐፉ በምላጭ ቆርጠው ልጆቻችንን ስላዳኑልን ከልብ እናመሰግናለን። መምህርት አቢግያ ይህ በመንግሥት ፈተና ይመጣል በማለት ስለ ደፈሩዎት ማሰናበትዎም አባታዊ ርኅራኄ ነው።

፪. በምትካቸው ያመጡልን ፓስተር ዓለም ከተፈጠረች ስንት ዓመቷ እንደ ሆነ በፈተና ጠየቁ። ልጄም እኔ ባስተማርኋት ባሕረ ሐሳብ አስልታ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት ብላ ጻፈች። የፓስተሩ መልስ ስድስት ሺህ ነበርና ዜሮ አገኘች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በዲቁና ሳገለግል የቤተ ክርስቲያኔ ቁጥር በቢሮዎ መጽደቅ እንዳለበት አላወቅሁም ነበር።

፫. የመንግሥት ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሚዛን ነርስ ለመሆን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታልም ኖራለች፤ ባዮሎጂ ከወደቀች ግን የሚቀበላት ኮሌጅ የለም። በእርስዎ ፈተና በእምነቷ ወድቃ፣ በመንግሥቱ ደግሞ ባለመማሯ ልትወድቅ ነው፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኸው ነው። ያልተቆረጠ መጽሐፍ ፓርክላንድስ ካለ መጽሐፍ መደብር ገዝቼ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አብረን ተቀመጥን። ሦስት ገጽ እንዳነበብን አንድ ነገር እንዳስረዳት ለመነችኝ። አላወቅሁትም። ልጄ መጽሐፉን ዘግታ አለቀሰች፣ እኔም ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምሁ።

አቶ ታዴዎስ፣ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን እንደ ፈጠረ ከእርስዎ ባላነሰ አምናለሁ። እምነቷን እኔ በቤቴ አስተምራታለሁ፤ ባዮሎጂውን ግን አልችልምና ነው ወደ እርስዎ የላክኋት። ጨንቆኛል። መምህርቷን ለአምስት ሳምንት ብቻ ይመልሱልን፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፈቀዱ ያባርሯቸው።

ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ እንዲያረዝምልዎ፣ የቢሮዎን ምላጭ ግን እንዲያዶለዱምልን እየጸለይሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ዲያቆን ዑቅባማርያም
መስከረም ፳ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ሃብነት፣ እርስዎ ከፍለው በሚያስተምሩት ጊጊሪ ሰፈር ባለው ውድ ትምህርት ቤት፣ ይህንኑ ምዕራፍ ተምሮ እንደ ጨረሰና ጥሩ ማርክ እንዳገኘበት ሰማን፤ እንኳን ደስ አለዎት። ደብተሩን ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ቢያውሱን፣ ሚዛን በእጇ ገልብጣ ትመልስልዎታለች።