ላፕቶፓችሁ ስለተሰበረበት ሁኔታ ከትሕትና ጋር የቀረበ ማብራሪያ

ይድረስ፦ «የማይሰማ ድምፅ የለም» በሚል መሪ ቃል በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የበይነ መረብ ጉባኤ ላካሄደው የምሁራን ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ እንዴት ነው? ያን ሁሉ ሰዓት ሲናገሩ የዋሉበት ጉሮሮዎ፣ ያን ሁሉ ሰዓት የተቀመጡበት ወገብዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ስለ እጅዎ ጣቶች ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም በየቦታቸው እንዳሉ፣ ሲያጥፏቸው እንደሚታጠፉ፣ ሲዘረጓቸው እንደሚዘረጉ፣ ጠዋት የሸሚዝዎን ቁልፍ ሲቆልፉም ሰው እንደማያስቸግሩ እየተመኘሁ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ምኞቱ ከየት እንደመጣብኝ ወደ ታች ሲወርዱ ግልጽ ይሆንልዎታል።

እኔ መስማት የተሳነኝ ተመራማሪ ነኝ። ጥናቴ መስማት የተሳናቸው ሴቶች ቤታቸው ውስጥ ሲደበደቡ ለማን፣ በምን መንገድ ይናገራሉ የሚል ሲሆን፣ እርስዎም ይህንኑ በጉባኤዎ ላይ እንዳቀርብ ጋብዘውኝ፣ «ለአካታችነት ድጋፍ» በሚል አንድ ላፕቶፕ አውሰውኝ ነበር። ሰሞኑን ጽሕፈት ቤትዎ ላፕቶፑን በተረከብኩበት ሁኔታ እንድመልስ፣ ካልሆነም የደረሰበትን ጉዳት በጽሑፍ እንዳብራራ አሳስቦኛል። በተረከብኩበት ሁኔታ መመለስ አልችልም፤ ስረከበው አንድ ነበር፣ አሁን ሁለት ሆኗል፣ የረገፉትን የፊደል ቁልፎች ከጨመርን ደግሞ ብዙ ነው። ማብራሪያውን ሰው ሁሉ በሚያነበው መንገድ የማቀርበው ለብቻዎ የላክኋቸው መልእክቶች «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ከሚል በቀር መልስ ስላላገኙ ነው። ላደረጋችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬንም በዚያው አያይዤ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፖስተሩ አመሰግናለሁ። ከእኔ ጋር ሆና የራሷን ታሪክ በምልክት ቋንቋ ለመመስከር የተስማማች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እሷም እንደ እኔ አትሰማም። ዓመታት ሲደበድባት ከኖረ ባሏ አምልጣ፣ በሌላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እየሰፋች ከመጋረጃው ወዲያ እየተኛች ትኖር ነበር። በስክሪን የሚያዩዋት የተመዘገቡ ምሁራን ብቻ እንዲሆኑ፣ ከዚያ ውጭ መልኳም አድራሻዋም እንዳይወጣ እኔ በጽሑፍ፣ የምትሰማው ታላቅ እህቴ ደግሞ በስልክ ለምነናችሁ ነበር፤ እናንተም «በፍጹም አትስጉ» ብላችሁን ነበር። ነገር ግን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ ፊት የሌለው ፖስተር ሰው አይስብም ብለው፣ ካሜራዋን ለመሞከር የላከችላችሁን ፎቶ አወጡት፦ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች፣ ከራሷ በላይ የሱቋ ማስታወቂያ ከነሰፈሩ ስም ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ከሥር ቀኑና የምትናገርበት ሰዓት በደማቁ ተጽፏል። ባሏ ስንት ጊዜ ተንከራቶ ያጣትን እናንተ በአንድ ፖስተር አገኛችሁለት። እሱ ግን እስካሁን አላመሰገናችሁ ይሆናል፣ ምስጋና ቢስ ነው።

ሁለተኛ፣ ንግግሩን ተከትሎ ከስክሪኑ ሥር ስለሚወጣው ጽሑፍ አመሰግናለሁ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንድትቀጥሩ ስጠይቅ «ማሽኑ ንግግሩን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል» ተብዬ ነበር። ማሽኑ ቋንቋችንን እንደማያውቅ የገባኝ እርስዎ የመክፈቻ ንግግርዎን ሲያደርጉ ከአገጭዎ በታች «ሙዚቃ» የሚል ቃል ብቻ ወጥቶ ሳይነቃነቅ ሲቆይ ነው። እኔም የዋህ፣ ምሁሩ በዘፈን ጀመሩልን ብዬ ራሴን ስነቀንቅልዎ ቆየሁ። እህቴ እየሳቀች ባትነግረኝ ኖሮ አጨበጭብልዎ ነበር። በዚያ ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ለቴክኒክ ኃላፊዎ ይድረስልኝ። የእናንተ ስክሪን ድምፅ ያወጣውን ሰው ያሳድዳል፤ የተናገረ ፊቱ ይገዝፋል፣ ዝም ያለ ጥግ ላይ ተለጥፎ የጥፍር ያህል ይቀራል። በእጁ የሚናገር ሰው ድምፅ ስለማያወጣ እድሜውን ሁሉ ቢናገር አይታይም፤ ያሳለው ሰው ግን ወዲያው ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። የልብስ ሰፊዋ መስኮት ከፊት እንዲቆለፍ፣ አንዲት ነገር መጫን ብቻ እንደሚበቃ በልምምዱ ቀን አሳይቻቸው ነበር። እሳቸውም ለእህቴ «ሲስተሙ ራሱ ያውቃል፣ አይጨነቁ» ብለው አረጋጓት። ስለ ሲስተሙ እውቀት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ ጉባኤው እንዳይረበሽ ስለወሰዳችሁት ጥንቃቄ። የተጋባዦች ማይክ ሁሉ ከእናንተ ዘንድ ተዘግቶ በእናንተ ብቻ እንዲከፈት፣ የጽሑፍ መላላኪያውም እንዲዘጋ፣ ጥያቄ ያለው እጅ የሚያወጣውን ምልክት ተጭኖ ተራውን እንዲጠብቅ ደንግጋችኋል። በተለይ ደግሞ «ካሜራ ፊት እጅ ማወናጨፍ ተሳታፊን ያውካል» የሚለው መመሪያ፣ በእጃችን ለምንናገር ሰዎች የተላከ መሆኑ ልቤን ነክቶታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ላስቀምጠው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

እኔና እህቴ ቤቴ ውስጥ ያዋሳችሁኝ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጠናል። ልብስ ሰፊዋ ከእኛ በታች ባለው መንገድ፣ ሱቋ ውስጥ፣ ስልኳን ስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ በምልክት ትናገራለች፤ እህቴ የእጇን ንግግር እየተከተለች በድምፅ ታሰማለች። ምሁራኑ የሚያዩት ታዲያ የእህቴን ፊት ነው፣ ባለታሪኳ ጥግ ላይ ናት። ስለ ባሏ አመጣጥ ትነግራችሁ ነበር፣ እንዴት ሁልጊዜ ከኋላዋ እንደሚመጣ፣ ኮቴው እንደማይሰማት ስለሚያውቅ። ያን ጊዜ እርስዎ ሰዓት እየሄደ መሆኑን ሊያስታውሱን ገቡ፤ ፊትዎም በእሷ ስልክ ላይ፣ በእኔ ላፕቶፕ ላይ፣ በሁላችንም ላይ ሞላ። ጥግ ላይ በቀረችው ትንሽ መስኮት ውስጥ ከኋላዋ፣ በጓሮ በሩ በኩል መጋረጃው ሲገለጥ አየሁ። «ኋላሽን እዪ» አልኳት፣ በሁለቱም እጄ፣ ወንበሬን ገልብጬ ቆሜ። አላየችኝም፤ እሷ የምታየው እርስዎን ነበር፣ በትሕትና አንገቷን እየነቀነቀችልዎ።

ባሏ ፀጉሯን ይዞ ፊቷን ከስፌት መኪናው ብረት ጋር አጋጨው፣ ደግሞ አጋጨው። ስልኩ ወለሉ ላይ ወደቀና ወደ ጎን ዞረ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጫማና እጅ ነው። ሰውየው የሚመታበትን ቦታ ያውቃል፤ ሌላ ሚስት ቢሆን አፍ አፏን ይል ነበር፣ የእሷን ግን ቀኝ እጇን አንጥፎ ጣቶቿን በተረከዙ ይደቁሳቸው ጀመር፣ እያነሳ እየመለሰ፣ አጥንቱ እስኪላላ። ከከንፈሩ እንዳነበበችው «እስቲ አሁን አውሪ» ይላት ነበር። አፏ ተከፍቶ አየሁት፤ እኛ መስማት የተሳነን ሰዎች ስንጮኽ ድምፃችን ሩቅ ይደርሳል ይሉናል፣ የእሷ ግን በእናንተ በተዘጋ ማይክ ላይ ቀረ። ከሱቋ አጠገብ ያለው በያጅ ብረት እየቆረጠ ስለነበር አልሰማም።

እህቴ ግን ማይኳ እንደተከፈተ ነበርና ጮኸች። የጮኸችው «እየመታት ነው» ብላ ነው፤ ሳትጨርሰው ዘጋችሁባት። ቀጥሎም እርስዎ «የጀርባ ድምፅ ያለባችሁ እባካችሁ ማይካችሁን ዝጉ» አሉ፣ እህቴ ሮጣ በሩን እየከፈተች በእጇ እንደነገረችኝ። እኔ ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ይገምታሉ? እጅ የሚያወጣውን ምልክት ተጫንኩት። ሰው እየተገደለ፣ ደንቡ ደንብ ነው ብዬ። እርስዎም አይተውታል፤ «ጥያቄ ያላችሁ በመጨረሻ እንመለስበታለን» ብለዋል።

ላፕቶፑን አቅፌ ነው የሮጥኩት። በእህቴ ስልክ ኢንተርኔት ነበር የምንሠራውና መስመሩ አልተቋረጠም፤ በመንገድ ላይ ሳለሁ ጥጉ ላይ እያየሁ ነበር፣ እጇ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ቁጥር በሕይወት አለች እላለሁ። ሱቁ ስንደርስ ያ እጅ መንቀሳቀስ አቁሟል። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ እጄ ላይ ከጉባኤዎ በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። በጉባኤዎ መታሁት። ስክሪኑ እርስዎን እንደያዘ፣ እርስዎም ፈገግ ብለው ስለ አካታችነት የመዝጊያ ንግግር እያደረጉ፣ ፊት ለፊት ግንባሩ ላይ አሳረፍኩዎ። ቅንድቡ ተተረተረ። ደግሜ አፍንጫው ላይ፣ ሲወድቅም ማጅራቱ ላይ፣ እጄ እስኪዝል። ጉባኤዎ ከጥቃት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ያኔ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህም ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። አልተጸጸትኩም። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር ያዋሳችሁኝ ቀላል ሞዴል መሆኑ ነው፤ ለወደፊቱ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ስታደርጉ ከበድ ያለውን ብታስቡበት።

ላፕቶፑ የተሰበረው እንግዲህ በዚህ መልኩ ነው። የጉባኤዎ ሪፖርት ግን «የልብስ ሰፊዋ ምስክርነት በመስመር መቆራረጥ ምክንያት አጠረ» ይላል። ለእሷና ለእኔም «ስለ ንቁ ተሳትፎ» የሚል የምስክር ወረቀት ልካችኋል፤ የእሷን ሆስፒታል ድረስ ወስጄ አልጋዋ ላይ አስቀምጬላታለሁ፣ መያዝ ስላልቻለች።

ሀኪሞቹ ሁለቱ ጣቶቿ ዳግም አይታጠፉም ብለዋል። ልብስ መስፋቱስ ይቅር፣ መናገር አቅቷታል። በግራ እጇ አንድ ቃል ስታወጣ እንደሚንተባተብ ሰው ትደክማለች፣ ጀምራ ትተወዋለች፣ እኔም ልጨርስላት ስል ትቆጣለች። ፍርድ ቤት ቆማ ልትመሰክር ያለችው በዚህ እጇ ነው። ባሏ ደግሞ ልታረቃት በሰላም መጣሁ፣ የስፌት መኪናው እጇ ላይ ወደቀ፣ ያቺ ደንቆሮ ዘላ ገብታ ቀጠቀጠችኝ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ እኔን ከሶኛል። በያጁ የደረሰው በመጨረሻ ነው፣ ያየው እኔን ሰውየው ላይ ተቀምጬ ነው። እህቴ እህቴ ስለሆነች የእሷን ቃል ጠበቃው ያጣጥለዋል። ፖሊስ ከእናንተ የወሰደው የጉባኤው ቪዲዮ ቅጂም ድምፅ ያወጣውን ሰው ብቻ ስለሚያሳይ፣ ጣቶቿ በሚደቀቁበት ደቂቃ ያለው የእርስዎ ፊት ነው። ሲስተሙ ራሱ ያውቃል የተባለው ይህን መሆን አለበት።

ነገር ግን ቅጂው ላይ የእህቴ ጩኸት ተቆርጦ፣ ግማሹ ብቻ ቀርቷል ይላሉ የሰሙት። ዐቃቤ ሕጉ የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፦ ከእናንተ አንድ ሰው ቀርቦ መስመሩ አልተቋረጠም፣ ጩኸት ነበር፣ እኛ ዘጋነው ይበል። ዝጋ ያለ ሰው መጀመሪያ ሰምቷል፤ ያልሰማነውን ነገር አንዘጋም፣ ይህን እኔ እንኳ አውቀዋለሁ። ኮሚቴዎ «የጉባኤውን ገለልተኝነት ለመጠበቅ» እንደማይቀርብ መልሷል። ገለልተኝነታችሁን ስልኩ ወለሉ ላይ ሳለ አይቼዋለሁ፣ ከጫማው ብዙ አይርቅም።

ስለ ቀጣዩ ጉባኤ «ምክረ ሐሳብ ካለ» ብላችሁም ጠይቃችሁኛል። አስተርጓሚ ቅጠሩ፣ በእጁ የሚናገረውን ሰው ከፊት ቆልፉት፣ ጽሑፉን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው፣ ተደብቆ የሚኖረውን ሰው ፖስተር ላይ አትስቀሉት፣ ጥጉን የሚጠብቅ አንድ ዓይን ይኑራችሁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ፖስተር የበለጠ ድካም የለውም።

ፍርድ ቤቱ ለእርስዎ ሁሉን አመቻችቷል። ወንበር አለ፣ ማይክ አለ፣ ማንም አይዘጋብዎትም፣ የሚናገሩትንም ፍርድ ቤቱ የመደበው አስተርጓሚ ለእኛ ለሁለታችን በእጁ ያደርስልናል። እስኪመጡ ድረስ ጤና አይለይዎት፣ ጣትዎ አይነካብዎ እያልኩ፣

ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ፣
የቅንድብ መተርተር ተከሳሽ፣ የንቁ ተሳትፎ ምስክር ወረቀት ባለቤት፣ መስማት የተሳናት ተጋባዣችሁ

ማስታወሻ፦ የላፕቶፑ ሁለት ቁራጮች በኤግዚቢትነት ፖሊስ ጣቢያ ስለሚገኙ፣ ለመረከብ በአካል ቀርበው ቃልዎን መስጠት ይጠበቅብዎታል። ባትሪ መሙያው ምንም አልሆነም፣ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ስክሪኑ ሲሰነጠቅ የእኔ እጅ እንደወጣ ነበር፣ ያወረደውም የለም። ልብስ ሰፊዋ ትናንት በግራ እጇ፣ እየደከማት፣ እያቋረጠች፣ የጥያቄው ተራ ደርሶ እንደሆነ እንድጠይቅላት ነግራኛለች።