የጓንቲት መዳፍ

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እማዬም እኔም ደህና ነን። ደህና ያልሰነበተችው ድመታችን ጓንቲት ናት፤ የዛሬው ወሬዬም የእሷው ነው።

መዳፏ ነጭ ስለሆነ ጓንቲት ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። እኔ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስውል እሷ እማዬ አልጋ ላይ ትውላለች፤ ማታ የቁልፍ ድምፅ ስትሰማ ሮጣ በር ላይ ትቀበለኛለች። ባለፈው ረቡዕ ግን ገና ቁልፉን ሳዞር ቁም ሳጥኑ ስር ገባች። ምግብ እምቢ አለች። የፊት እግሯን ስትልስ ታመሻለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ላቅፋት ብል ቧጨረችኝ። እማዬን ምን ሆና ነው ብላት፣ ድመት አይደለች፣ ይነሳባታል፣ ተያት አለችኝ።

እኔ መች አስችሎኝ። ቅዳሜ በቅርጫት ይዣት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ድመት በድንገት ጠባይዋ ሲለወጥ ወይ አሟታል ወይ ደንግጣለች፣ እንግዳ መጥቶባችሁ ነበር ወይ ሲል ጠየቀኝ። እንግዳ ካየን ቆየን አልኩት። ጣቶቿ መሃል የጠቆረ ነገር አገኘና በአልኮል ጠረገው። ጥጡ ወይን ጠጅ ሆነ። በሽታ አይደለም፣ የማኅተም ቀለም ነው፣ እሱን ስትልስ ነው ለሃጯ የሚዝረበረበው፣ ጎኗ ያበጠው ግን በእርግጫ ነው አለኝ። ከሐኪም ጋውን ላይ ቀለም ሳስለቅቅ የምውል ሴትዮ፣ ድመቴ እግር ላይ ሳየው አለማወቄ አሳፈረኝ።

እኛ ቤት የማኅተም ቀለም የለም። ትርፍ ቁልፍ ያለህ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ቤት እንደገባሁ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ የቤቱ ካርታ የለም።

ቤቱ የሁለታችን ነው፣ አንቺ ብቻ እማዬን ያዢልኝ ያልከኝን ረሳኸው? ስምንት ዓመት ሙሉ፣ የመጣልኝን ትዳር እንኳ እምቢ ብዬ የያዝኳት ያንን አምኜ ነው። ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር ብዬ አልዋሽህም፤ አልሰጥህም ነበር። ግን ፊት ለፊት መጥተህ ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር። የእማዬን አውራ ጣት አጽድተህ የጓንቲትን መዳፍ ረሳህ። ያስፈረምካትን ወረቀትም ረግጣብህ ከሆነ ምስክርህ አንድ ጨምሯል።

እማዬ አሳዘነችኝ፣ አታለልካት ብዬ ነበር። ኋላ ግን ረቡዕ ማታ ትዝ አለኝ። እንደ ወትሮው እጇን ላጥባት ውሃ ባመጣ፣ ዛሬስ ታጥቤያለሁ ብላኝ ነበር። እኔ ሞኟ ጎበዝ ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

ዛሬ ላንተ እየጻፍኩ መሆኔን ነግሬ ሰላምታውን ብቻ አነበብኩላት። ሁልጊዜ ከደብዳቤዬ ግርጌ በአውራ ጣቷ ትፈርምልህ የለ? አሁንም ጣቷን በእስክሪብቶ ልቀባላት ስል እጇን ብርድ ልብሱ ስር ከተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚህ የእሷ ቦታ ባዶ ነው፤ ምን ሆና ነው ብለህ አታስብ።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ እርስ በርስ የሚተማመኑ ያድርግልህ።

እህትህ

የእናትህ ጣት፦