በተሳሳተ አድራሻ የላክሁት ማመልከቻ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ፣ ከስፌት መኪናው ስትነሳ አሁንም ይይዝሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ አማትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እህታችን እትዬም የኩላሊት እጥበቷን በሳምንት ሦስት ቀን ሳታስተጓጉል ትከታተላለች።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ እኛ ዘንድ አንድ መንግሥት ብቻ ነው ያለው፣ እናንተ የፌዴራልና የክልል እያላችሁ ሁለት ስታቆሙ ለየትኛው ነው የምትታዘዙት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ይህንኑ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስተምሬዋለሁ። ዘንድሮ ግን ራሴ ፈተናውን ስለወደቅሁ፣ ከውድቀቴ ብጀምርልህ ይሻላል።

ከሁለት ወር በፊት የሰፈራችን ጤና ጣቢያ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የእጥበት ክፍሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይዘጋል፣ ታካሚዎች ወደ ዋናው ከተማ ሆስፒታል ይዛወራሉ ይላል። በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነው። ከእጥበት በኋላ እግሯ እንደማይጸናላት ታውቃለህ። ለእትዬ ስነግራት፣ ይህን መንገድ በሳምንት ሦስቴ አልችለውም አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

እኔም የዚያኑ ዕለት አራት ገጽ ማመልከቻ ጽፌ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቀይ አስምሬ፣ ለፌዴራሉ ጤና ሚኒስትር ላክሁ። ትልቁን ከያዝሁ ትንሹ ይከተላል ብዬ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ጤና ጣቢያ ማስተዳደር በሕገ መንግሥቱ የክልሉ ሥልጣን ስለሆነ ልናዘው አንችልም ይላል። ደብዳቤውን ያመጣልኝ ፖስተኛ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሳነብለት ፈገግ ብሎ፣ መምህር፣ ይህችን ጥያቄ ስምንተኛ ክፍል ስቼ ዜሮ ሰጥተውኝ ነበር እኮ አለኝ። ልኩን ነው።

እንግዲህ መልሱ ይኸውልህ። ሁለቱ አለቃና ምንዝር አይደሉም። ጦሩና የውጭ ጉዳዩ የፌዴራሉ፣ ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ የክልሉ ነው። ለሁለቱም እንታዘዛለን፣ ለእያንዳንዱ ግን በተሰጠው ሥራ ብቻ።

ክፍሉ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወደ ክልል ምክር ቤት ተወካያችን ሄድሁ። ቢሮዋ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው። ክፍሉን የሚዘጋው የክልሉ ጤና ቢሮ በእሷው ፓርቲ እጅ ስለሆነ ተስፋ አላደረግሁም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ጤና ቢሮው መዝጋት ይችላል፣ ሕዝቡን ሳይሰማ ግን አይችልም፤ ሕጉን ያወጣነው እኛው ነን ብላ ገጹን አውጥታ ሰጠችኝ። ከሌሎቹ ታካሚዎች ቤተሰቦች ጋር ሆነን ገጹን ይዘን ፍርድ ቤት ገባን። ዳኛዋን የሾማት ያው ክልል ነው። ቢሆንም ሕዝቡ እስኪሰማ ክፍሉ እንዳይዘጋ አዘዘች። በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ ያለ አንዳች ቁጣ ማስታወቂያውን አስነስቶ የስብሰባ ቀን ቆረጠ። ሥልጣን ያለው ሰው በአንድ ወረቀት ቆይ ሲባል መቆየቱ፣ ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደሚሣል አላውቅም ነበር።

አሸነፍን ማለቴ ግን አይደለም። ከሰሙን በኋላ መዝጋት ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። ስብሰባው ሐሙስ ኅዳር 25 ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ አምስት ደቂቃ ተሰጥቷል። ንግግሬን ጽፌ በሰዓት ብለካው ሰባት ሆነ። ቀንሼ ቀንሼ አምስት ሲሞላ ለእትዬ አነበብሁላት። አንቀጹ ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ውስጡ የለሁም አለችኝ። ከዚያ፣ የእጥበቱ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ አለች። የተናጋሪዎች ቅጽ ላይ ስሜን ሰርዤ የእሷን ጻፍሁ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሰዓት እይዛለሁ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ፈተናዋ እንዲቀናት፣ ትንሹን ጥርሱ ቶሎ እንዲበቅልለት እመኛለሁ በልልኝ። ለአማትህም እጅ ነሥቻለሁ፤ ያን ሐሙስ በአራት ሰዓት እትዬን በጸሎታቸው ያስቧት።

ታላቅ ወንድምህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን